ቢ፣ ዲ ወይስ ኤፍ? የቴስታታ ጓርኒሲዮን ስለ መምረጥ

ጓርኒሲዮን በሞተሩ ብሎክና በላዩ በሚታሰረው ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) መሃል የሚገባው ስስ ማሸጊያ ነው። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሰላም ጋሼ። ባለ 3ኤል ናፍጣ ሞተር ቶዮታ ሃይሉክስ አለኝ። ከሐረማያ ድንችና ሽንኩርት ጭኜ ድሬ አራግፋለሁ። ባለፈው የደንገጎን ዳገት ስወጣ ፈላብኝና ጓርኒሲዮን አቃጠለ። ሞተሩ ወረደ፤ ሲሊንደሩ ቦር ተደርጎ ሰፋና በ0.50 ሚሊሜትር የሚበልጥ ፒስተን ገባለት። ቴስታታውም ጠሞ ስለነበር ተላጨ። አሁን ሊገጠም ሲል መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ሦስት ዓይነት ጓርኒሲዮን አወጡልኝ፦ ቢ፣ ዲ እና ኤፍ የሚል ፊደል ያለባቸው። ባለ ሱቁ ‹የድሬ ሙቀት ነው፣ ቴስታታህም ተላጭቷል፣ ወፍራሙን ኤፍ ውሰድ› አለኝ። መካኒኬ ደግሞ ‹ቀጭኑ ጉልበት ይሰጣል፣ ለዳገት እሱ ነው› ይላል። የቱን ልመን? 0.50 ስለገባስ የጓርኒሲዮኑ ቀዳዳ መስፋት አለበት?»

ወንድሜ፣ ሁለቱንም አትመን። ድሬ ነንና አንተ ብልህ ቅር አይልህም። ባለ ሱቁም መካኒክህም ክፉ አስበው አይደለም። ግን ሁለቱም ሳይለኩ ነው የፈረዱት። ጓርኒሲዮን በአየር ጠባይ አይመረጥም። በዳገትም አይመረጥም። የሚመርጥልህ ፒስተንህ ነው። ሳይታሰር በፊት መጠየቅህ ደግሞ ጥሩ አደረግክ። እኔ ጋ አብዛኛው ሰው የሚመጣው ቴስታታው ከታሰረ፣ ዘይት ከተሞላ፣ ሞተሩም «ቋ ቋ» ማለት ከጀመረ በኋላ ነው።

ጓርኒሲዮን ሁለት መጠን አለው። አንዱ የቀዳዳው ስፋት፣ ሌላው ውፍረቱ ነው። ሰው ሁለቱን ያደባልቃል። ቀላሉን ላስቀድምልህ።

የ3ኤል ሲሊንደር ከፋብሪካ ሲወጣ ስፋቱ 96 ሚሊሜትር ነው። 0.50 ስላስገባህ አሁን 96.50 ሆኗል። ጓርኒሲዮኑን ገልብጠህ ብታየው በየሲሊንደሩ ቀዳዳ ዙሪያ የብረት ቀለበት አለ። እሳቱን የሚይዘው እሱ ነው። ይህ ቀለበት ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ የፀጉር ያህል እንኳ ብቅ ማለት የለበትም። ብቅ ካለ እሳቱ ያገኘዋል፤ እንደ ፍም ይግላል፤ ውሎ አድሮ ይበላል። የአንተ ዓይነት ናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ ሌላም ጣጣ አለ። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከብሎኩ ፊት ወጣ ስለሚል ቀለበቱን ሊመታው ይችላል።

ለዚህ ነው ፋብሪካዎቹ ቀዳዳውን ከሲሊንደሩ አስፍተው የሚሠሩት። ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ትርፍ ይተዋሉ። 0.50 የተባለው ደግሞ በጠቅላላው ስፋት ነው፤ በየጎኑ ሲካፈል ሩብ ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ለስታንዳርዱ የተሠራው ጓርኒሲዮን ብዙውን ጊዜ 0.50ንም ይችላል። «ብዙውን ጊዜ» ያልኩት ግን አውቄ ነው። ከመግዛትህ በፊት ካሊፐር ይዘህ ሂድና ቀዳዳውን በቁመትም በአግድምም ለካው። 97.50 ካገኘህ በየጎኑ ግማሽ ሚሊሜትር ተርፎሃል፣ ሰላም ነው። 96.60 ካገኘህ ግን ተወው። ጓርኒሲዮኑ በብሎን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ያችን ትርፍ ያኔ ይበላታል።

ሱቅ ውስጥ የማየው ትልቁ ስህተት ግን ሌላ ነው። 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ጓርኒሲዮናቸው መደርደሪያ ላይ ሲታይ መንታ ይመስላል። የ2ኤል ሲሊንደር 92 ሚሊሜትር ነው፣ የ3ኤል 96፣ የ5ኤል 99.5። የ2ኤሉን አንተ ሞተር ላይ ብታስቀምጠው ቀለበቱ ሲሊንደሩ ውስጥ ይንጠለጠላል። የ5ኤሉን ብታስቀምጥ ደግሞ ለዓይን ያማረ ይመስላል፤ ምንም የሚነካ የለምና። ግን ቀለበቱ ከጠርዙ በጣም ይርቃል። በመሃል ቦይ ይፈጠራል። ቦዩ ካርቦን ያጠራቅማል፣ ያልተቃጠለ ናፍጣም ይደበቅበታል። አንድ ጊዜ ካርቶኑ ላይ 3ኤል የሚል ጓርኒሲዮን ገዝቼ ከፍቼ ስለካው የ5ኤል ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ካርቶን አይታመንም፣ አቦ። የታሸገውን አስከፍተህ ለካ፤ ባለ ሱቁ ቢያኮርፍም ይለፈው።

ስትለካ እግረ መንገድህን የውሃ ቀዳዳዎቹንም እይ። ብሎኩ ላይ ትልቅ የሆነ የውሃ ቀዳዳ ጓርኒሲዮኑ ላይ ትንሽ ሆኖ ልታገኘው ትችላለህ። ስህተት አይደለም። ውሃው እንዴት እንዲከፋፈል የሚወስነው ያቺ ትንሽ ቀዳዳ ናት። በመቀስ የሚያሰፏት ሰዎች አይቻለሁ። ውሃው በቀረበው አቋርጦ ያልፍና የኋለኛው ሲሊንደር ሳይቀዘቅዝ ይቀራል።

አሁን ወደ ውፍረቱ እንግባ። ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው።

ፒስተንህ ወደ ላይ ጫፍ ሲደርስ ከብሎኩ ፊት ትንሽ ወጣ ይላል ብዬሃለሁ። ይህ መውጣት ከሞተር ሞተር ይለያያል። የብሎኩ ቁመት፣ የቢዬላው (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያያይዘው ዘንግ) ርዝመት፣ የፒስተኑ ቁመት፣ የክራንክሻፍቱ ክንድ፣ ሁሉም በመቶኛ ይለያዩና ተደምረው ልዩነቱ ወደ ሦስት አስረኛ ሚሊሜትር ይደርሳል። ቶዮታ ይህን ስለሚያውቅ አንድ ጓርኒሲዮን ሠርቶ አልተወም። ሦስት ሠራ። ፒስተኑ ከ0.68 እስከ 0.77 ሚሊሜትር ከወጣ ቢ፣ ከ0.78 እስከ 0.87 ከወጣ ዲ፣ ከ0.88 እስከ 0.97 ከወጣ ኤፍ። ከታሰረ በኋላ ቢ ከ1.40 እስከ 1.50 ይወፍራል፣ ዲ ከ1.50 እስከ 1.60፣ ኤፍ ከ1.60 እስከ 1.70።

ወረቀት አምጣና ቀንስ። ቢን መካከለኛውን 1.45 ውሰድ፣ ከእሱ 0.725 ስትቀንስ 0.725 ይቀራል። ዲን 1.55 ውሰድ፣ 0.825 ስትቀንስ 0.725። ኤፍን 1.65 ውሰድ፣ 0.925 ስትቀንስ አሁንም 0.725። አየህ? ሦስቱም ጓርኒሲዮኖች የሚሰጡት አንድ ዓይነት ክፍተት ነው። በፒስተኑና በቴስታታው መሃል ሰባት አስረኛ ሚሊሜትር ገደማ። አንዱ የጉልበት፣ አንዱ የጥንቃቄ፣ አንዱ የሙቀት ጓርኒሲዮን አይደለም። መካኒክህም ባለ ሱቁም የሳቱት እዚህ ጋ ነው። ሦስት መጠን የተሠራው ሰው እንደ ፍላጎቱ እንዲመርጥ ሳይሆን ያቺ ክፍተት እንዳትለወጥ ነው።

ይህን ካወቅህ የተሳሳተ ምርጫ ምን እንደሚያደርግ ራስህ ትደርስበታለህ። ኤፍ የሚገባው ሞተር ላይ ቢ ብታስር ክፍተቱ ወደ ግማሽ ሚሊሜትር ይወርዳል። ሞተሩ ሲፈጥን ቢዬላው ይሳባል፣ ብሮንዚናው (ቢዬላው ክራንኩን የሚይዝበት ቡሽ) ውስጥ ያለችው ክፍተትም ትጨመራለች፣ ፒስተኑ አናት ላይ ካርቦን ይጋገራል። ያቺ ግማሽ ሚሊሜትር ታልቃለች። ቢ የሚገባው ሞተር ላይ ኤፍ ብታስርስ? አይሰብርም። ቀስ ብሎ ነው የሚያስከፍልህ።

ሒሳቡን እንሥራው። 96.50 ስፋት ያለው ሲሊንደር ላይ እያንዳንዷ 0.1 ሚሊሜትር ውፍረት 0.73 ሲሲ ያህል ባዶ ቦታ ትጨምራለች። አንድ ሲሊንደርህ 702 ሲሲ ገደማ ይስባል። ኮምፕሬሽኑ (አየሩ ስንት እጥፍ እንደሚታመቅ) 22 ለ1 ገደማ ነው ካልን ከላይ ታምቆ የሚቀረው ቦታ 33.4 ሲሲ ነው። በቢ ፋንታ ኤፍ ስታስር ወደ 34.9 ያድጋል። ኮምፕሬሽኑ ወደ 21.1 ወረደ። አንድ ሙሉ ነጥብ ለመውረድ ምንም አልቀረውም።

«አንድ ነጥብ ምን አላት?» ትለኝ ይሆናል። ድሬ ላይ እውነትም ላታስታውቅህ ትችላለች። ድሬ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሌሊቷም ይሞቃል። አንተ ግን የምታድረው የት ነው? ሐረማያ ወደ 2000 ሜትር ይጠጋል። አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፣ ንጋቱም ብርድ ነው። ናፍጣ ሞተር ደግሞ እሳት የሚጭር ካንዴላ የለውም። የሚነሳው አየሩ ታምቆ ሲግል ነው። የሳሳ፣ የቀዘቀዘ አየር ላይ ኮምፕሬሽን ስትቀንስበት ጠዋት ጠዋት ነጭ ጭስ ታያለህ፣ ባትሪህንም ትጨርሳለህ።

ይህን የምነግርህ ከመጽሐፍ አይደለም። ወጣት ሳለሁ የአንድ የሐረማያ ሰው ሞተር ሠራሁ። መለኪያው ጓደኛዬ ጋ ነበር፤ ሄጄ ማምጣት ታከተኝ። ሰዓቱም ስምንት ሰዓት ነው፤ በዚያ ፀሐይ የድሬ ሰው ከቤት አይወጣም። «ለጥንቃቄ» ብዬ ኤፍ አሰርኩበት። መኪናው ድሬ ላይ እንደ ሰዓት ሠራ። ሰውዬው በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፦ ጠዋት አይነሳም። ካንዴሌታ (ለማስነሻ የሚግለውን ማሞቂያ) ቀየርን። ኖዝል አስመረመርን። ባትሪ ገዛ። በመጨረሻ ቴስታታውን አንስቼ ፒስተኑን ስለካው 0.71። ቢ ነበር የሚገባው። ሰውዬው ምንም አላለኝም። ዝም ማለቱ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

እንግዲህ እንዴት ይለካል? ዲያል ጌጅ ያስፈልግሃል፤ መቶኛ ሚሊሜትርን በመርፌ የሚያሳይ፣ እግሩ ብሎኩ ላይ የሚቆም መለኪያ። ራስህ ከሌለህ ሲሊንደሩን ቦር ያደረገልህ ቤት አለው። ከድሮው የምድር ባቡር ወርክሾፕ ወጥተው የራሳቸውን ቶርኖ ቤት የከፈቱ አንጋፋዎች ካገኘህ ደግሞ ዓይንህን ጨፍነህ ስጣቸው። የእነሱ እጅ ከመቶኛ ጋር የኖረ ነው።

መጀመሪያ የብሎኩን ፊትና የፒስተኑን አናት አጽዳ። የድሮ ጓርኒሲዮን ፍርፋሪ አምስት መቶኛ ሊዋሽህ ይችላል። ጌጁን ብሎኩ ላይ አቁመህ ዜሮ አድርግ። ከዚያ ጫፉን ፒስተኑ ላይ አድርገህ ክራንኩን በእጅ ወዲያ ወዲህ ቀስ እያልክ አዙር። መርፌው ከፍተኛው ላይ ደርሶ የሚመለስበት ቁጥር ነው የምትጽፈው። በአንድ ፒስተን ላይ ሁለት ቦታ ለካ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ ማለትም የፒስተኑ ፒን በተኛበት መስመር ላይ። በጎን በኩል ከለካህ ፒስተኑ በፒኑ ላይ ስለሚወዛወዝ ቁጥሩ አንዴ ይበዛል አንዴ ያንሳል። አራት ፒስተን፣ ስምንት ቁጥር። ለቶዮታህ ከስምንቱ ትልቁን ያዝ። አማካዩን የሚወስዱ ሌሎች ፋብሪካዎች አሉ፤ ስለዚህ ይህን ምክር ለጎረቤትህ ሞተር እንዳለ አትስጠው፣ የሞተሩን መጽሐፍ ያይ።

ትልቁ ቁጥር 0.84 ከሆነ ዲ ነው። አለቀ። ባለ ሱቁ ምንም ቢል ዲ ነው።

ዲያል ጌጅ ካጣህ ቀጥ ያለ ወፍራም የብረት ማስመሪያ ፒስተኑ ላይ አጋድመህ ከብሎኩ ጋር ያለውን ክፍተት በፊለር ጌጅ (ውፍረታቸው የታወቀ ስስ ብረቶች) በሁለቱም ጎን ለካ። ሁለቱን አማክል። ከምንም ይሻላል፤ ግን ሁለት ደረጃ ድንበር ላይ ከወደቅህ፣ 0.77 ይሁን 0.78 ካላወቅህ፣ ዲያል ጌጅ ፈልግ። ማረጋገጫ ከፈለግህ ደግሞ ስታኞ (ለስላሳ የብየዳ ሽቦ) ይሠራል። ቀጭን የብየዳ ስታኞ ቆርጠህ ፒኑ መስመር ላይ ፒስተኑ አናት ላይ በግራሶ ለጥፍ። ቴስታታውን በድሮው ጓርኒሲዮንና በድሮው ብሎን አስረህ በእጅ አንድ ዙር አዙር። ፈትተህ የተጨፈለቀውን ስታኞ ለካው። ክፍተትህ እሱ ነው። ድሮው ጓርኒሲዮን የተቃጠለበት ቦታ ላይ ግን አታድርገው፤ የውሸት ቁጥር ይሰጥሃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አዲስ ጓርኒሲዮን ሱቅ ውስጥ በካሊፐር ነክሰህ «ይሄ 1.7 ነው፣ ኤፍ መሆን አለበት» እንዳትል። ሳይታሰር ከታሰረው ይወፍራል። የሚታመነው የተመታበት ፊደል ነው። የድሮውንም ጓርኒሲዮን ሳትጥል ፊደሉን አንብበው። ፒስተን፣ ቢዬላ፣ ክራንክ ካልተነካና ብሎኩ ካልተላጨ ያንኑ ፊደል መመለስ ይቻላል። አንተ ግን ፒስተን ቀይረሃል። አንዳንድ የኦቨርሳይዝ ፒስተኖች ከፒኑ እስከ አናታቸው ያለው ቁመት ከኦሪጅናሉ ትንሽ ያጥራል። የድሮው ፊደል ለአንተ ምልክት እንጂ ውሳኔ አይደለም።

አሁን ባለ ሱቁ ወዳነሳው ነገር እንመለስ። «ቴስታታህ ተላጭቷልና ወፍራም ውሰድ።» ይህን የማይለው የለም። ቤንዚን ሞተር ላይ እውነትነት አለው። በቤንዚን ሞተር የማቃጠያው ጉድጓድ ያለው ቴስታታው ውስጥ ነው። ስትላጨው ጉድጓዱ ያንሳል፣ ኮምፕሬሽን ይጨምራል፣ ደካማ ቤንዚን ከሆነ ማንኳኳት ይመጣል። እዚያ ወፍራም የጥገና ጓርኒሲዮን ፈልግ ቢልህ አልከራከረውም።

የአንተ ሞተር ቴስታታ ግን በሲሊንደሩ በኩል ጠፍጣፋ ነው። እንደ ጠረጴዛ። ጠረጴዛን ሁለት አስረኛ ብታሳሳው በላዩና በፒስተኑ መሃል ያለው ርቀት አይለወጥም። ያን ርቀት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ ፒስተኑ ምን ያህል ወጣ፣ ጓርኒሲዮኑ ምን ያህል ወፈረ። ቴስታታ መላጨት ሁለቱንም አይነካም። ብሎክ መላጨት ግን ይነካል። ብሎኩ 0.15 ከተላጨ ፒስተኑ 0.15 ወጣ ማለት ነው፤ አንድ ደረጃ ተኩል ዘለልክ። ስለዚህ ሲሊንደሩን ቦር ያደረገውን ሬቲፊካ ቤት የምትጠይቀው ስለ ቴስታታው ሳይሆን «ብሎኩን ነክታችሁታል?» ብለህ ነው።

የቴስታታው መላጨት ሌላ ነገር ያስከትላል፤ እሱን አትርሳ። ቫልቮቹ ከቴስታታው ፊት ገባ ብለው ነበር። ፊቱ ሲላጭ ያቺ መግባት ታንሳለች። የቫልቭ መቀመጫው እንደገና ጠለቅ ተደርጎ ካልተሠራ ቫልቩ ፒስተኑን ሊነካ ይችላል። የፕሪቻምበሩ (ናፍጣው መጀመሪያ የሚነድበት ቴስታታው ውስጥ ያለ ትንሽ ጉድጓድ) ክዳኖችም ከፊቱ ጋር እኩል መሆን አለባቸው፤ ወጣ ብለው ከቀሩ ጓርኒሲዮኑ በቦታው አይጨመቅም። ይህን ሁሉ በወፍራም ጓርኒሲዮን ልሸፍነው ማለት የተቀደደ ጣሪያ ሥር ባልዲ እንደ ማስቀመጥ ነው። ደግሞ ቴስታታ ለዘላለም አይላጭም። ለሁለተኛ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከሆነ ቁመቱን አስለካው።

ለክተህ 1.05 ብታገኝስ? እንግዲያው ከኤፍም አልፈሃል። ሁለት ጓርኒሲዮን ደርበህ እንዳታስር። ይህን የሚያደርጉ አሉ፤ ከሳምንት በላይ ሲቆይ አላየሁም። መጀመሪያ ለምን እንደበዛ ጠይቅ። የፒስተኑ ዓይነት ተሳስቶ ይሆን? የሌላ ሞተር ቢዬላ ገብቶ ይሆን? ብሎኩ ያለ ልክ ተላጭቶ ይሆን? አንዱ ፒስተን ብቻ ከሌሎቹ ጎልቶ ከወጣ ጥያቄው የጓርኒሲዮን አይደለም፤ እዚያ ሲሊንደር ውስጥ የገባ የተለየ ዕቃ አለ። ከ0.68 በታች ካገኘህም እንዲሁ ነው፤ የተጣመመ ቢዬላ ጠርጥር።

የሐረር ልጆች ይህን ሲያነቡ «የእኛስ ፔጆ?» ማለታቸው አይቀርም። 404 ሐረር ውስጥ ታክሲ ብቻ አይደለም፣ ቤተሰብ ነው። እሱ ግን ሌላ ዓለም ነው። ላይነሩ ተነቃይ ነው፤ ውሃው ራሱን ላይነሩን ይነካዋል። እዚያ የምትለካው ፒስተኑን ሳይሆን ላይነሩ ከብሎኩ ፊት ስንት መቶኛ ወጣ እንዳለ ነው። አራቱ ላይነሮች እኩል ካልወጡ የዓለም ምርጥ ጓርኒሲዮን ብታመጣ ዝቅ ያለው ጋ ያፈስሳል። ማስተካከያው ላይነሩ እግር ሥር ባለው ማኅተም ነው። ስለ እሱ ሌላ ቀን በሰፊው እጽፋለሁ።

ስለ ሲሊንደርህ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጥያቄህ ውጭ ቢሆንም። ቦር የተደረገው ብሎክ ፀሐይ ላይ ቆይቶ ነው ወይስ ጥላ ውስጥ? የብረት ብሎክ 20 ዲግሪ ቢሞቅ 96 ሚሊሜትር ቀዳዳ በሁለት መቶኛ ያህል ይሰፋል። ለጓርኒሲዮን ይህ ምንም አይደለም። ለፒስተን ክፍተት ግን ብዙ ነው። ድሬ ውስጥ ልኬት የጠዋት ሥራ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ጓርኒሲዮኑን ከመረጥክ በኋላ ማሰሩ ላይ አትስነፍ። ቀጥ ያለ ብረት ብሎኩም ቴስታታውም ላይ በርዝመት፣ በወርድ፣ በሰያፍ አጋድም፤ 0.05 ፊለር የትም እንዳይገባ። የተላጨውን ፊት በግራይንደር አታስጠርግ፣ ገደል ይሠራበታል። ሲሊኮን አትቀባ። የብሎን ጉድጓዶች ውስጥ ዘይት ወይ ውሃ ካለ በአየር አስወጣ። ፈሳሽ አይጨመቅምና ብሎኑ ሲገባ ብሎኩን ሊሰነጥቀው ይችላል። ብሎኖቹን ጥርሳቸው ላይና አናታቸው ሥር ትንሽ ዘይት ቀባ። ወገባቸው የቀጠነ ካለ ጣለው። ከመሃል ጀምረህ ወደ ዳር ውጣ። ለዚህ ሞተር መጀመሪያ 78 ኒውተን ሜትር፣ ቀጥሎ ሁሉንም 90 ዲግሪ፣ እንደገና ሁሉንም 90 ዲግሪ። ዲግሪውን በዓይን እንዳታጣ እያንዳንዱ ብሎን አናት ላይ በቀለም ነጥብ አድርግ። «እጄ ያውቀዋል» የሚል መካኒክ ከሆነ ቶርክ ሬንች ተከራይለት።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። መጀመሪያ ለምን ፈላ? ጓርኒሲዮኑ የተቃጠለው ስለፈላ ነው ወይስ የፈላው ጓርኒሲዮኑ ስለተቃጠለ ነው? ይህን ካላወቅህ ትክክለኛውን ፊደል ብታስርም ደንገጎ ላይ ተመልሰህ ትቆማለህ።

የድሬን ውሃ ታውቀዋለህ። ጀበናህ ውስጥ፣ ማንቆርቆሪያህ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚጋገረው ኖራ ራዲያተርህ ውስጥም ይጋገራል። ቱቦዎቹ ጠበው ግማሹ ተዘግቶ ይሆናል። ሞተሩ ወርዶ ሳለ ራዲያተሩን ካላስጠረግህ መቼ ልታስጠርገው ነው? ብሎኩ ውስጥ ያለውንም የውሃ መንገድ፣ በተለይ የኋለኛውን ሲሊንደር ዙሪያ፣ በሽቦ አስወጣው። ከዚያ ጥሩ ኩላንት ሙላ፤ የቧንቧ ውሃ ለመንገድ ላይ ችግር ብቻ ይሁን።

የራዲያተሩን ክዳንም ንቀህ አትለፈው። ውሃ ድሬ ላይ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ሐረማያ ላይ በ93። ዳገቱን በወጣህ ቁጥር የመፍያው ነጥብ እየወረደ ይጠብቅሃል። የሚያድንህ ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ያንን ነጥብ ከ110 በላይ ይወስደዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግን ጌጥ ነው።

ቴርሞስታቱን ነቅለህ ጥለኸው ከሆነ መልሰው። «ድሬ ሙቀት ነው፣ ምን ያደርግልኛል» የሚለውን ስንት ጊዜ ሰማሁት። ቶዮታህ ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት መተላለፊያውን መንገድ ይዘጋል። ከነቀልከው ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳይጎበኝ እዚያው እየዞረ ይኖራል። የማራገቢያው ክላች ሞተሩ ሲሞቅ እንደሚይዝም አረጋግጥ። በእጅ ስታዞረው እንደ ነፃ ጎማ የሚሽከረከር ከሆነ ሞቷል።

ምናልባት እንደገና ቢፈላብህ ደግሞ፣ አደራህን፣ ቀዝቃዛ ውሃ እላዩ ላይ አትድፋ። ደንገጎ ጥግ ላይ ጀሪካን ይዘው ሊረዱህ የሚሮጡ ልጆች አሉ፤ አመስግነህ ውሃውን አስቀምጠው። ክዳኑን ሳትከፍት ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። ቴስታታ የሚጠመው አብዛኛውን ጊዜ በመፍላቱ ብቻ አይደለም፣ ፈልቶ ሳለ በሚደፋበት ውሃ ጭምር ነው። የአንተም እንደዚያ ሆኖ እንደሆነ አልጠየቅሁህም፤ ንገረኝ።

ለጊዜው ከሦስቱ አንዱንም አትግዛ። ነገ ጠዋት ስምንቱን ቁጥር ለካና በፒስተን በፒስተን ጻፍልኝ፤ ብሎኩ ተላጭቶ እንደሆነ፣ የድሮው ጓርኒሲዮን ፊደልም ምን እንደነበር ጨምርበት። ከ0.97 የዘለለ ቁጥር ካለ ፒስተኖቹ የመጡበትን ካርቶን ፎቶ አንስተህ አብረህ ላከው።